ጥያቄ ብቻ፣ እባክዎን

«ለሕዝብ ክፍት የሆነ ንግግር» የሚባለውን ነገር የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ማስታወቂያው በአንድ ገጽ ወረቀት ተባዝቶ ከካፌው በር ላይ ይለጠፋል። ርእሱ ሁለት መስመር ይሞላል፤ በመካከሉ ሁለት ነጥብ አይጠፋበትም፤ ከሥሩ «ሁሉም ሰው ተጋብዟል» ይላል። ሁሉም ሰው ማለት ማን ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ግን አዳራሹ ውስጥ ገብቶ መቁጠር ነው። ከፊት ረድፍ መምህራኑ፣ ከእነሱ ኋላ የውጭ አገር ሰዎች፣ ቀጥሎ ደብተራቸውን የዘረጉ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ እንደኔ ያለው ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ። በየአዳራሹ የማይጠፉ፣ ለሻዩና ለብስኩቱ ነው የሚመጡት የሚባሉ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎችም አሉ። በእነሱ የሚስቅ ይስቃል። እኔ አልስቅም፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉም ይልቅ በጥሞና የሚያዳምጡት እነሱ ናቸውና።

የምማረው አዳማ ነው። ዩኒቨርሲቲያችን ከስሙ እንደሚታየው የሳይንስና የቴክኖሎጂ ነው፤ እኔም ከሰኞ እስከ ዓርብ የምውለው ከብረትና ከሲሚንቶ ስሌት ጋር ነው። ታሪክና ፖለቲካ ለኔ የቅዳሜ ነገር ናቸው። አንድ ንግግር ወይም ዐውደ ርእይ አለ ሲባል በማለዳ አባዱላ ተሳፍሬ ቃሊቲ እወርዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ በታክሲ እየተቀባበሉ ስድስት ኪሎ ነው። አዳማና አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የፍጥነት መንገድም ጉዞውን አሳጥሮታል። ሆኖም ከቃሊቲ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው ሰልፍና ግፊያ ሲጨመርበት፣ የሁለት ሰዓት ንግግር ለመስማት ቀኑ በሙሉ ይሄዳል። የዶርም ጓደኞቼ «ምን አገኘህበት?» ይሉኛል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በከፊል ለእነሱ መልስ እንዲሆን ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነበር። በዚያን ዕለት የተናገረውን ሰው ንግግር ዛሬ በደንብ አላስታውሰውም፤ ቤቱን ግን አልረሳውም። በኔ አስተያየት ተቋሙ ካሉት ቅርሶች ሁሉ ዋናው ራሱ ቤቱ ነው። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረ ነው። ጣሊያን ሲገባ የእንደራሴው የግራዚያኒ መቀመጫ ሆነ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩበት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ በተከታታይ ሦስት ቀናት የፈሰሰውን ደም፣ ከበሩ ፊት ለፊት ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የቆመው ሐውልት ይናገራል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሲሞከር የታገቱት መሳፍንትና ሚኒስትሮች የተረሸኑትም እዚያው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በዓመቱ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1963 ተቋሙ ሲቋቋም ሪቻርድ ፓንክኸርስት የመጀመሪያው ዲሬክተር፣ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ ኃላፊ ሆኑ። እንግዲህ ግራዚያኒ በተቀመጠበት ቤት ውስጥ የፀረ ፋሺስቷ የሲልቪያ ፓንክኸርስት ልጅ የኢትዮጵያን ታሪክ ሊያደራጅ ተቀመጠ ማለት ነው። ይህን ልብ ወለድ አድርጌ ብጽፈው ኖሮ የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «በዛ» ብለው ይመልሱልኝ ነበር።

ከቤቱ ውጪ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒን አንድ የሥልጣን ዓመት እንዲቆጥር ታስቦ ነው ይባላል። ከጫፉ ላይ በኋላ የተቀመጠ አንድ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። የአገራችን ሰው ቀልድ አያውቅም የሚለውን ሰው ወስጄ ባሳየው ደስ ይለኛል። ደረጃውን አላፈረሱትም፤ አንበሳ ብቻ አስቀመጡበት፤ አለቀ።

ሙዚየሙን ስጎበኝ ደግሞ አንድ ነገር አስደሰተኝ። ዕቃዎቹ በየብሔረሰቡ ተከፋፍለው የተደረደሩ አልነበሩም። ከልደት ይጀምርና በልጅነት፣ በጉልምስና አድርጎ እስከ ሞትና ከሞት ወዲያ ይዘልቃል። የአንዱ አገር የሕፃን ማዘያ ከሌላው አገር ማዘያ አጠገብ፣ የአንዱ መቃብር ምልክት ከሌላው ጎን። ሰው እንደ ሰው ከተወለደበት እስኪሞት። በፖለቲካ ንግግር ብዛት የደከመ ጆሮ ያለው ሰው እዚያ ገብቶ ቢያርፍ ይጠቅመዋል። ከዚያ ፎቅ ትንሽ አለፍ ሲሉ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት አለ፤ ሰው ሁሉ ከቅርሱ ይልቅ ገንዳውን ትክ ብሎ ሲያይ ታዝቤአለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። የኢትዮጵያ ጥናት ዓለም አቀፍ ጉባኤ የሚባል በየጥቂት ዓመቱ የሚደረግ ትልቅ ስብሰባ አለ። የመጀመሪያው የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1959 ሮም ነው። ሁለተኛው በ1963 ማንቸስተር። አዲስ አበባ የደረሰው በሦስተኛው፣ በ1966 ነው። ስለኛ የሚደረገው ንግግር ወደኛ ለመምጣት ሰባት ዓመት ፈጀበት። ቢሆንም መጣ፤ ያመጡትም ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል። ከዚያ ወዲህ በ2012 ድሬዳዋ፣ በ2018 መቀሌ ተካሂዷል። አዳማ በድሬዳዋ መንገድ ላይ ያለች ከተማ መሆኗን ለማያውቅ ካለ ላስታውሰው፤ ጉባኤተኛው በመኪና የሄደ እንደ ሆነ በመካከላችን አልፎ ነው የሄደው። ከሮም አዲስ አበባ ሰባት ዓመት ከሆነ፣ ከስድስት ኪሎ አዳማ ስንት ዓመት ይሆናል? የስሌት ተማሪ ስለ ሆንኩ ነው የምጠይቀው።

አጎቴ ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው በሐዲድ ጥገና ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሠራው ከአዳማ እስከ አዋሽ ባለው መሥመር ላይ ነው፤ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ እያለ ጣቢያዎቹን እንደ ጸሎት ይደግማቸዋል። አንድ ቅዳሜ ስለ ባቡሩና በሐዲዱ ዳር ስለ በቀሉት ከተሞች ንግግር አለ የሚል ማስታወቂያ አየሁና ይዤው ሄድኩ። የአዳራሹን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ አዳራሽ ነገር አይደለምና። አጎቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጀርባውን ከወንበሩ ሳያስደግፍ ሰማ።

ንግግሩ ጥሩ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ተናጋሪው ወጣት ነው፣ የሠራበት መሆኑ ያስታውቃል። በ1894 እ.ኤ.አ. ምኒልክ ለኢልግና ለሸፍኑ ከሰጡት ፈቃድ ተነሥቶ፣ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ መጀመሩን፣ በ1902 ድሬዳዋ መድረሱን፣ ከዚያ ገንዘብ አልቆ ኩባንያው መቸገሩን፣ በመጨረሻ በ1917 አዲስ አበባ መግባቱን እየዘረዘረ፣ ዛሬ የምንኖርባቸው ከተሞች ከጣቢያ ዙሪያ እንዴት እንዳደጉ በካርታ አሳየን። አዳማ በካርታው ላይ አንድ ነጥብ ነበረች። አጎቴ ነጥቧን ሲያይ በክርኑ ነካ አደረገኝ።

የጥያቄ ጊዜ ሲደርስ እጁን አወጣ። ማይክሮፎኑን ሲሰጡት ተነሥቶ ቆመና ስሙንና የሠራበትን ዘመን ተናገረ። ከዚያ ስለ በሰቃ ሐይቅ ጀመረ። መተሐራ አጠገብ ያለው ይህ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገዱንና ሐዲዱን ሲያስፈራራ የኖረ መሆኑን የምታውቁ ታውቃላችሁ። አጎቴ የሚያወራው ይህን ነው፤ ውኃው ሲጠጋ ሌሊት እንዴት እንደሚጠሩ፣ ድንጋይና ጠጠር እየጨመሩ ሐዲዱን እንዴት ከፍ እንዳደረጉት፣ ከፍ ባደረጉት ቁጥር ውኃው እንዴት እንደሚከተላቸው። ገና አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ቢናገር ነው።

«አባት፣ ጥያቄ ብቻ፣ እባክዎን» አለ ሰብሳቢው።

«ጥያቄ የለኝም» አለ አጎቴ። «የማውቀውን ልነግራችሁ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ እንዲያውም የመውደድ ሳቅ ነበር፤ ግን ሳቅ ነው። «ጊዜ ስለሌለን ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልን» ተባለ። አጎቴ «እንግዲያው ቁጭ ልበል» አለና ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ አስረክቦ ተቀመጠ። ቀጥሎ የተነሣው ሰው ስምንት ደቂቃ ተናገረ፤ ሰዓት ይዤበታለሁ። መጨረሻው ላይ «ይህን እንዴት ያዩታል?» ስላለ ጥያቄ ሆነለት።

ወገኖቼ፣ ነገሩ ይሄ ነው። በአዳራሾቻችን ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው መናገር የሚፈቀድለት፤ ያጠና እና የሚጠይቅ። የኖረበት ሰው ቦታ አልተሠራለትም። ያጠናው ስለኖረው ይናገራል፤ የኖረው ደግሞ ስለ ራሱ ኑሮ ያጠናውን እንዲጠይቅ ይጋበዛል። ሰብሳቢውን አልወቅሰውም፤ ያስተማሩትን ነው የሠራው። የንግግሩ ሥርዐት ራሱ ከሌላ አገር ወንበሩንና ማይክሮፎኑን ይዞ የመጣ ነው። በኛ አገር ሰው ሲሰበሰብ፣ የዕድርም ሆነ የዛፍ ጥላ ሥር ጉባኤ፣ ነገሩን በዓይኑ ያየው ሰው ቀድሞ ይሰማል፤ ከዚያ ነው አዋቂ የሚፈርደው።

አንድ ነገር ግን መጨመር አለብኝ፤ አለዚያ ለአጎቴ አደላሁ ማለት ነው። በሻይ ሰዓት ተናጋሪው ራሱ ደብተሩን ይዞ ፈልጎ አገኘንና አጎቴን እየጠየቀ ሲጽፍ ሻዩ ቀዘቀዘበት። ሲጫወቱ አጎቴ «ምኒልክ በመጀመሪያው ባቡር ተሳፍረው አዲስ አበባ ሲገቡ» ብሎ አንድ ታሪክ ጀመረ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ታሪክ ነው። ወጣቱ በጨዋ ደንብ አዳምጦ ሲያበቃ፣ ምኒልክ ያረፉት በ1906 ዓ.ም. መሆኑን፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. መሆኑን ነገረው። አጎቴ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ሳቀና «እኔ የማውቀው ከመተሐራ ወዲህ ያለውን ነው፤ የቀረውን አንተ ያዘው» አለው። ሲመለስ በመንገድ ላይ «ልጁ ጎበዝ ነው» ሲል ሰማሁት፤ ዱከም እስክንደርስ ሌላ ነገር አልተናገረም። ከዚያ «ግን በሰቃን አያውቀውም» አለ።

በኔ ግምት ከዚያ ቅዳሜ ሁሉ የሚበልጠው ያ የቀዘቀዘ ሻይ ነው። ማንም በማስታወቂያ ላይ አልጻፈውም።

የዐውደ ርእዩም ነገር እንዲሁ ነው። የአባቴን እኅት አዳዳ ነው የምንላት፤ ኢተያ ነው የምትኖረው። ለሕክምና አዲስ አበባ በመጣች ጊዜ ቀጠሮዋ ለከሰዓት ሆኖ ሰዓት ተርፎን፣ በመንገዳችን ላይ ወዳለ አንድ የባህል ዕቃዎች ዐውደ ርእይ አስገባኋት። በመስታወት ውስጥ አንዲት ሲንቄ ቆማለች። ሥሯ ባለች ካርድ ላይ የዕቃው ስም፣ አርሲ፣ እንጨት የሚሉ ቃላት ተጽፈዋል። ለማያውቅ አንባቢ፣ ሲንቄ ማለት እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጥ ያለች ዘንግ ናት። ሚስት ስትበደል ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው እልል እያሉ ይወጣሉ፤ የተጣሉ ወንዶች መካከልም ይዘዋት ከቆሙ ጠበኛው ማቆም አለበት። አዳዳ ካርዱን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። አነበብኩላት።

«የማን ናት?» አለች።

ጥበቃው «የመሥሪያ ቤቱ ናት፣ እናቴ» አላት።

«እሱን አይደለም፤ የማን ልጅ ናት? ማን ነው የዳራት?»

ማንም አያውቅም። ቀጥሎ አንድ የወተት ጮጮ ነበር። አዳዳ ጎንበስ ብላ አየችውና «ሳይታጠን ስንት ዓመቱ ነው? ደርቋል እኮ» ብላ ከልቧ አዘነች። ከዚያ እዚያው ቆማ፣ ጮጮ በምን እንጨት እንደሚታጠን፣ ጭሱ ለወተቱ ምን እንደሚያደርግለት ስትናገር፣ ለጉብኝት የመጡ የትምህርት ቤት ልጆች ከበቧት። ጥበቃው ራሱ ቦታውን ትቶ ቀረብ ብሎ ሰማ። ካርዱ ካስተማራቸው ይልቅ አዳዳ ያስተማረቻቸው መብለጡን ከልጆቹ ዓይን አይቻለሁ።

ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው ተቃወመኝ። «መስታወቱ ባይኖር ምስጥ ይበላት ነበር፤ ያክስትህ ሲንቄ ከበር ኋላ ተደግፋ ስንት ዓመት ትኖራለች?» አለኝ። እውነቱን ነው። ሰብሳቢ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ብዙ ነገር በጠፋ ነበር። እኔ መስታወቱ ይሰበር አላልኩም፤ ካርዱ ላይ የሴትዮዋ ስም ይኑር ነው ያልኩት። ያን ጊዜ የሰበሰበው ሰው አንድ ጥያቄ ቢጨምር፣ አንድ መስመር ቢጽፍ ኖሮ እንጨቷ ሰው ትሆን ነበር።

ደግሞ ስለ ጥናት ሳወራ የራሴን ሳልናገር ባልፍ አይሆንም። ልጅነቴ ወንጂ ነው። ሆላንዳውያኑ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ባስጀመሩት በስኳር ፋብሪካው ዙሪያ ያደግን ልጆች በምን እንደምንታወቅ ታውቃላችሁ፤ በጥርሳችን። የስምጥ ሸለቆው ጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም የጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በላይ እንዳይሆን ሲል፣ በኛ በኩል ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚገኝባቸው ጉድጓዶች ተለክተዋል። ውኃው ጥርስን ያበልዛል፤ ለብዙ ዓመታት የጠጡትን ሽማግሌዎች ደግሞ አጥንታቸውን አድርቆ ወገባቸውን ያጎብጣል። ይህ ሁሉ በደንብ ተጠንቷል፤ የተጻፈው ጥቂት አይደለም። እኔ ያነበብኩት ግን አዳማ ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ፣ በእንግሊዝኛ ነው። በመንደራችን ሰው «ስኳሩ ነው» ይል ነበር፤ «የእግዜር ነገር ነው» የሚልም ነበር። ስለ ጥርሳችን የተደረገው ንግግር ጥርሶቹ ያሉበት ቦታ ሳይደርስ ስንት ዓመት ቆየ? ይሄ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም፤ የትኛውን ጉድጓድ ልጠጣ የሚል ጥያቄ ነው።

ስለ ፖለቲካውም ቢሆን ዝም ማለት አልፈልግም። አንድ ጊዜ በአንድ ውይይት ላይ ተናጋሪው «ናዝሬት» ሲል ከኋላ ማጉረምረም ተነሣ፤ «አዳማ» ሲል ደግሞ ከፊት። ሰውዬው ግራ ገብቶት «ከተማዋ» እያለ ጨረሰ። በንጉሡ ዘመን ናዝሬት ተባለች፤ በ1992 ዓ.ም. የኦሮሚያ ዋና ከተማ ስትሆን አዳማ የሚለው የቀድሞ ስሟ በይፋ ተመለሰ፤ ዋና ከተማነቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ስሙ ቀረላት። በኛ ቤት እናቴ መናኸሪያ ስትሄድ ናዝሬት ትላለች፤ አዳዳ ጋ ስትደውል አዳማ ትላለች፤ ያው አንድ ሴት ናት። በዚህ ስም ዙሪያ የተከፋው፣ የታሰረው፣ የተሰደበው ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ከፍቶ መነጋገር የሚገባው ማን ነው? ስድስት ኪሎ ያሉ ምሁራን ብቻ? እነሱም ሲነጋገሩ በነፃ አልተነጋገሩም። በ1993 ዓ.ም. ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ለተማሪዎች በተዘጋጀ ውይይት ላይ ስለ አካዳሚ ነፃነት ተናግረው ከሳምንታት በኋላ ታስረዋል። ንግግር ዋጋ የሚያስከፍል ነገር መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ መፈለግ የለብንም። እነ ደሳለኝ ራህመቶ እ.ኤ.አ. በ1998 የማኅበራዊ ጥናት መድረክን አቋቁመው ስለ ድህነትና ስለ መሬት በግልጽ ማወያየት የጀመሩት እንዲህ ባለው ዘመን ነው። ይህን ሳስብ በየአዳራሹ ወንበር ደርድሮ ሰው የሚጠብቀውን ሁሉ አከብረዋለሁ። የምለው፣ አንዳንድ ጊዜ ወንበሮቹን መኪና ላይ ጭናችሁ ኑ ነው።

ለመሆኑ በኛ በኩል ምን ይታያል ለሚል፤ ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ገደሞታ የሚባል ሸንተረር አለ። ከ279,000 ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ከባልጩት የተጠረቡ የጦር ጫፎች የተገኙት እዚያ ነው፤ ዮናታን ሣህለና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትመውታል። ጦር ወርውሮ ማደን የተጀመረበት ጊዜ ምን ያህል ሩቅ እንደ ሆነ ለዓለም ያሳየው የኛ ሸንተረር ነው ማለት ነው። በሐይቁ ላይ ደግሞ ቱሉ ጉዶ ደሴት የዘይ ሕዝብ የብራና መጻሕፍቱን ራሱ ጠብቆ አቆይቷል፤ መስታወት ሳይኖረው። በላይኛው አዋሽ መልካ ቁንጡሬ ድንጋዮቹ ከተገኙበት ሳይርቁ እዚያው በጎጆ ውስጥ ይታያሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም ቅርስ ሆኗል። ቆቃ አለ፤ ጣሊያን ለጦርነቱ በከፈለው ካሣ ተሠርቶ በ1960 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀ ግድብ። መብራት ስናበራ የምናበራው በካሣ ነው፤ ውኃው የተኛበት መሬት ላይ ይኖሩ የነበሩትን ሰዎች ግን አንድ ቀን ማይክሮፎን ሰጥቶ የጠየቃቸው ሰው መኖሩን አልሰማሁም። ለስብሰባው ገልማ አባ ገዳን የሚያህል አዳራሽ ከተማችን አላት፤ ለባዛር ሲሆን ሰው ሞልቶ ይፈስበታል።

እኛ በበኩላችን ገልማውን አልመኘንም። አምስት ተማሪዎች ሆነን በአሮጌው ጣቢያ አካባቢ ካለች አንዲት እናት ሻይ ቤት ጋር ተነጋግረን፣ በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቷን ልትለቅልን ተስማምታለች። ሥርዐቱን በሰፊው ተከራክረንበታል። በመጨረሻ የተስማማንበት፣ መጀመሪያ የኖረው ይናገራል፣ 20 ደቂቃ፤ ቀጥሎ ያጠናው፣ 20 ደቂቃ፤ ከዚያ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ፤ እኛ ከዚያ በኋላ ነን። ዕቃ የሚያሳይ ሰው ከዕቃው ጋር ይመጣል፣ ከዕቃው ጋር ይሄዳል። አዳዳ ሲንቄዋን ይዛ እንድትመጣ ጠይቄአት «እኔ ከመጣሁ ትመጣለች፤ ለብቻዋ የትም አትሄድም» ብላኛለች።

የመጀመሪያው ንግግር ስለ በሰቃ ነው። ወጣቱ ተመራማሪ በራሱ መሳፈሪያ ሊመጣ ቃል ገብቷል። አጎቴም እሺ ብሏል፤ አንድ ነገር ግን አጥብቆ አስጠንቅቆኛል፤ «አንተ ሰብሳቢ እንዳትሆን፤ ዘመድ ነህ፣ ታሳጥርብኛለህ ወይ ታስረዝምልኛለህ።» ከሥራ ባልደረቦቹ የቀሩትን ሁለቱን ይዞ ይመጣል። ዘንድሮ ሦስቱን ቀብሯልና ቀኑን ወደ ክረምት እንዳናስተላልፈው ይለምናል። ሰብሳቢ አግኝተናል፤ የሁለተኛ ዓመት የኤሌክትሪክ ተማሪ ናት፤ ዘመድም አይደለችም፣ ሰዓትም አላት። ያጣነው ወንበር ነው። ሻይ ቤቷ ያላት 14 ነው፤ 40 ያህል ያስፈልገናል። ከዶርማችሁ ማውጣት የምትችሉ፣ ወይም የሚያከራየውን የዕድር ቤት የምታውቁ፣ በዚህ መጽሔት አዘጋጆች በኩል ንገሩን።